ከመርፌ ክፍሉ በር ጀርባ የተሰቀለው ከል

በሽተኛ መቆጣት ልማዴ ነበር። አሁንም አልተወሽም ይሉኛል ልጆቼ። በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎጃም ደጋ የወረድኩ፣ ሙቀቱ ያንገሸገሸኝ፣ ነጭ ጋውን ስለለበስኩ ብቻ አገሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚለኝ ልጅ ነበርኩ። ሲስተር አልነበርኩም። መጀመሪያ አርማቸው ነበር፤ ኋላ ግን ስሙ ጣመኝና ተውኩት።

ከሁሉ ይልቅ የምቆጣው የሳንባ በሽተኞችን ነበር። በዚያን ጊዜ ሕክምናው በየቀኑ አንድ መርፌ ለሁለት ወር፣ ከዚያ ከዓመት በላይ ክኒን ነው። ወር ያህል ሲወጉ ሳላቸው ረገብ ይላል፣ እህል ይጥማቸዋል፣ ከዚያ ድራሻቸው ይጠፋል። ታሞ የተነሳ እግዜርን ረሳ ይባል የለ፤ እኔንም ይረሱኛል። ከወራት በኋላ ደም እየተፉ በቃሬዛ ይመለሳሉ፣ ያኔ መድኃኒቱም እምቢ ይላል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን አስፈራራቸው ነበር።

እሷን ማስፈራራት አላስፈለገኝም። ከዋጃ በታች ካለ መንደር ባሏ ደግፎ ከአውቶቡስ ሲያወርዳት የኔ እኩያ የሆነች፣ አጥንቷ የቀረ ሴት ነበረች። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባታል፤ ገና አልወለደችም። በዚህ ዓለም ላይ ያላት ሰው ባሏ ብቻ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። ከክሊኒኩ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየላትና እርሻውን ጥሎ መቀመጥ ስለማይችል በየገበያው ቀን እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። ማሽላው የደረሰበት ወቅት ነበርና ጥንቅሽ ይዞላት ይመጣል፤ ልጦ፣ አንጓ አንጓውን ቆርጦ ጥሎ፣ ጣፋጩን ብቻ በጨርቅ ጠቅልሎ። ሌሎቹን ባሎች አውቃቸዋለሁ። ሚስታቸው ሳንባ ነው ሲባሉ መጀመሪያ ጣሳዋን ይለያሉ፣ ቀጥሎ መኝታዋን፣ በመጨረሻ ራሳቸውን። ይሄኛው እሷ ከጠጣችበት ጣሳ ተቀብሎ ሲጠጣ ደረስኩና ጮኽኩበት። እየሳቀ፣ እሷ ትዳን እንጂ እኔ ምን እሆናለሁ አለኝ። ቀናሁባት፣ እውነቱን ለመናገር።

ጥቅምት ላይ ወባ ገባ። አንድ ማለዳ የባሏ አባትና አጎቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ወደሷ ክፍል አልሄዱም፤ የመጡት ወደኔ ነው። ልጁ በሦስት ቀን ትኩሳት ሞቶ ተቀብሯል። ቆቦ እንውሰድህ ቢሉት ሚስቴ ታምሜ ካየችኝ ትደነግጣለች፣ ሲሻለኝ እሄዳለሁ ብሎ እምቢ አላቸው። የወባው ክኒን እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ሞልቶ ተቀምጦ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የፈለጉት እንድነግራት አልነበረም፤ እንዳልነግራት ነበር። መርዶ ለበሽተኛ አይነገርም። ሲነገርም ማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ዘመድ በግራ በቀኝ ቆሞ። ሠላሳ መርፌ ተወግታለች፣ ሠላሳ ይቀራታል። ትጨርስና እኛው እናረዳታለን አሉኝ። እኔም ነገሩ ልክ መሰለኝ፤ ሐዘን ላይ ብትወድቅ እህል እንደማትቀምስ አውቃለሁ። ችግሩ የት ሄደ ትባል የሚለው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ውሸት አልለመዱም፤ መሬት መሬት ያያሉ። ወንድሜ አሰብ ወደብ ይሠራ ነበርና ከአፌ ወጣ፦ «አሰብ ለሥራ ወረደ በሏት።» ቀለል አላቸው። ያችን ውሸት የሠራኋት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

በሚቀጥለው ገበያ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ መጡ። ከላይ እስከ ታች ከል ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። እንዲህ ሆነው ብታያቸው መርዶው ሳይነገር ተነገረ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ መርፌ ክፍሌ ገቡ። ጥቁሩን ቀሚስ አውልቀው በሩ ጀርባ ያለው ምስማር ላይ ሰቀሉት፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለበሱ፣ የተላጨ ራሳቸውን በኔ ሻሽ አሰርኩላቸው። ፊታቸውን ታጠቡና ሄደው ከምራታቸው ጋር ስለ ማሽላው፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ ሲያወሩ ዋሉ። ሲመለሱ ከሉን እየለበሱ አለቀሱ፤ ድምፃቸው ከግድግዳው ወዲያ እንዳይሰማ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው። በየገበያው እንዲሁ ሆነ። ያን ቀሚስ ላለማየት ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር በሽተኛ የምወጋው።

ቆቦ ሁሉ ያውቃል። አከራይዋ ታውቃለች፣ ለመርፌ የሚሰለፈው ሰው ያውቃል። እሷ ስታልፍ ወሬ ይቋረጣል፣ ሴቶች አንገታቸውን ይደፋሉ። እሷ ደግሞ ሞኝ አልነበረችም።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ ሳይሰናበተኝ እንዴት ሄደ ብላ ነበር። መኪናው ድንገት ተነሳበት አልኳት። በሳምንቱ ምነው መልእክት እንኳ አልላከ አለች። ከአሰብ የመጣ ሹፌር ሰላም ብሎሻል ብሎኛል አልኩ። አማቷም ውሸቱን ለማገዝ ከዚያው ከቆቦ ገበያ ቀይ ሻሽ ገዝተው ልጄ ላከልሽ ብለው ሰጧት። ሻሹን አገላብጣ አየችውና ትራሷ ሥር አስገባችው፤ አንድም ቀን አላሰረችውም። አማቷ ይዘውላት የሚመጡትን ጥንቅሽ ግን መብላት ተወች።

አርባ ዘጠነኛውን መርፌ በወጋኋት ማግስት ቀረች። ጠበቅኳት፣ ጠበቅኳትና ተናድጄ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የለመድኩትን ቁጣ ለቀቅኩባት፤ አስራ አንድ ብቻ ቀርቶሽ፣ ይህን ሁሉ ተወግተሽ፣ አታፍሪም አልኳት። ስጨርስ ወደኔ ዞረች።

«ሲስተር፣ ሰዉ ሲያየኝ ለምን ዝም እንደሚል የማላውቅ መስሎሻል? ተጸይፎኝ ነው የሄደው። ሳንባዋ የተበላ ሚስት ለምኑ ነች? በቃ፣ ለማን ብዬ ነው የምድነው?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልሄደም፣ ሞቶብሽ ነው፣ አንቺን ላለማስደንገጥ ብሎ ነው የሞተው፤ ይኼው ነው፣ ከዚህ አይበልጥም። አላልኩም። መርዶ የማርዳት እኔ ማን ነኝ፣ ባዕድ ነኝ፣ የሚይዛት ዘመድ የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ፈሪነት ነው፤ ሦስት ሳምንት ዓይኗን እያየሁ እንደዋሸኋት ስታውቅ የምታየኝበትን ዓይን ፈራሁ። ወደ ዋጃ ለሚሄድ ሹፌር መልእክት ሰጠሁ፤ ነገውኑ መጥታችሁ አርዷት፣ ሐዘኑ ይሻላታል ብዬ።

በማግስቱ በሰሜን በኩል ውጊያ ተነሳና መንገዱ ተዘጋ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከቆቦ ወደ ዋጃ መኪና አልወጣም፣ እግረኛም ያለ ገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አያልፍም። እኔ በየማለዳው መርፌውን ቀቅዬ ወደ ክፍሏ እወስዳለሁ፤ እሷ ቀሚሷን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛ እምቢ ትላለች። ለመንኳት። አለቀስኩባት። ቁጣዬ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። አንዱን ቀን እነግራታለሁ ብዬ ከቤቴ ቆርጬ ወጥቼ፣ ደጃፏ ላይ አከራይዋ ክንዴን ይዛ፣ ተይ እንጂ፣ በባዶ ቤት አንጀቷን ልትቆርጪው ነው? አለችኝ። እኔም መያዜን ወደድኩት፤ ተመለስኩ። በሰባተኛው ቀን ደም ተፋች። ሳንባዋ ከመጀመሪያውም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፣ ቀሪው መርፌም ላያድናት ይችል ነበር። ይህን ለራሴ ስንቴ እንደነገርኩት እግዜር ይወቀው።

መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ከአማትየዋ ጋር ደረሱ። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ደም አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ ላይ እንዴት ይነገራል አሉ አጎትየው። አማትየዋ ከላቸውን ምስማሩ ላይ ሰቅለው ነጩን ለብሰው አጠገቧ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ አማትየዋ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ እጄን ያዘችኝ። መናገር ያደክማታል።

«አሰብ ወንድም አለሽ አይደል? ላኪበትና ለባሌ ይንገርልኝ። አልረገምኩትም። ግን ቀብሬ ላይ እንዳይቆም።»

እሺ አልኳት።

ሳይመሽ አረፈች።

ቀብሩ በማግስቱ በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከሬሳው ጋር በጭነት መኪና ሄድኩ። ጉድጓዱን ከባሏ ጎን ቆፍረውታል። የሱ አፈር ገና አልረጋም፣ ሣር አላበቀለም፣ ቆፋሪዎቹ የሷን አፈር ሲያወጡ በሱ ላይ ይፈስ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለሷ ሳይነጋላት ቀረ። እንዳይቆምብኝ ካለችው ሰው ጎን አስተኛናት።

ሕዝቡ ሲበተን አማትየዋ ክንዴን ይዘው ለብቻ ወሰዱኝ። አሁን ከላቸውን ማንም አያስወልቃቸውም።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ መጨረሻዋን ያየሽው። ስለ ልጄ ምን አለች?»

«ናፈቀኝ አለች» አልኳቸው።

ጉልበትሽን ካልሳምኩ ብለው ታገሉኝ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ እያሉ መረቁኝ። ሰጠኝ። ይኸው ሰባ አልፎኛል።