እናቴ በረመዳን ጾሜ ስትኮራብኝ

እናቴ ዛሬ አጥሩ ጋ ቆማ ለጎረቤታችን «የእኔ ልጅ እኮ ውሃም አትቀምስም» እያለች ስትኮራብኝ ሰማኋት። ሳቄ እንዳያመልጠኝ በሩ ጀርባ ተደበቅሁ።

ቤይሩት ስሠራ ነው የሰለምኩት። ለእናቴ በስልክ ልነግራት አልደፈርኩም። እዚህ መንዝ ጦርነት ሲሆን የሷ ስልክ ይጠፋል፤ እዚያ ቦምብ ሲወርድ ደግሞ እሷ እንቅልፍ ታጣለች። እኔ ሰግጄ ስለሷ ዱዓ ሳደርግ፣ እሷ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ስለኔ ስለት ትሳል ነበር።

ትናንት አገሬ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት «ሁዳዴ ቢሆንም መንገደኛ ነሽ፣ ቅመሺ» ብላ ቂጣ ስታቀርብልኝ ግን መደበቅ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ረመዳን ይዣለሁ። ሰልሜያለሁ።»

ቂጣውን መልሳ ሸፈነችው።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«ጀምበር እስክትጠልቅ።»

«ውሃስ?»

«ውሃም።»

«ሁዳዴን በልምምጥ የምትይዢው ልጅ?» አለችና እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «በሕይወት ከመጣሽልኝ እግዜርን ምን እለዋለሁ?»

(ሁዳዴና ረመዳን መገጣጠማቸው በጀን። ሁላችንም ሽሮ ስለሆንን የማን ሥጋ ነው የሚል ጣጣ የለም።)

አመሻሹ ላይ ደጃፍ ቆማ ጀምበሯን ስትጠብቅልኝ ቆየችና «ገባች፣ ጠጪ» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ከቅዳሴ መልስ መብላት ስትችል፣ እሷም እስካሁን ምንም አልቀመሰችም።

«ብቻሽን ልትፈቺ ኖሯል?» አለችኝ።

ይኸው ከደስታዬ ብዛት ቁጭ ማለት አቅቶኛል። እናንተስ ቤት ሁለቱ ጾሞች ሲገናኙ እንዴት ነው? እስቲ አጫውቱኝ።