የብስክሌቷ ገመድ

ማለዳ፣ አስራ ሁለት ሰዓት

በእኛ አገር ከብት ሊገዛ ገበያ የሚወርድ ሰው ገመዱን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ሻጭ ከብቱን ያስረክባል እንጂ ገመዱን አይሰጥም፤ ገመዱ ከሄደ ገዱም አብሮ ይሄዳል ይባላል። ልጄ ሞላ በዚህ አይታማም። ጊደር ልገዛ በተነሳሁ ቁጥር ገመድ ጠቅልሎ ደጃፍ ላይ ያስቀምጥልኛል። በዚያ የመስከረም ማለዳ ግን ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ ስነሳ ደጃፉ ባዶ ነበር። የምሄደው አሮጌ ብስክሌት ልገዛ ነውና አኩርፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላ ሁለት ተማሪ ልጆች አሉት። ለወንዱ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይቶለታል። ሴቷ ትብለጥ ግን ለሄደችበት ሁለት ሰዓት፣ ለተመለሰችበት ሁለት ሰዓት በእግሯ ነው። ዘንድሮ አስረኛ ክፍል ስትገባ ጭራሽ "መንገዱ ለሴት ልጅ ሩቅ ነው፤ ትቅር" አለ። ለአንዱ ቤት፣ ለአንዷ መቅረት! እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ወንድሞቼ ሲማሩ እኔ ውሃ ስቀዳ ያደግሁበትን ፍርድ በልጅ ልጄ ላይ ቁጭ ብዬ አላይም። ሁለት በጎቼን ሸጥኩ።

ሞላ ብስክሌት ሲባል ሳቀ። "በዚህ ዳገትና ቁልቁለት? እሺ፣ በመኪና ሳትጫን ከሰቆጣ እዚህ ደጃፍ ድረስ በጎማዋ ትግባ። ዳገቱን ብትገፏትም ግድ የለኝም። ጀንበር ሳትጠልቅ ከገባች ትብለጥ ትማር። ካልገባች ወሬው ያብቃ።"

"ቃል ነው?" አልኩት።

"ቃል ነው።"

ሁለት ሰዓት፣ ከጠጠሩ መንገድ ዳር

ሚኒባሱ ሞልቶ መጣ። ረዳቱ ለእኔ ወንበር ሰጥቶ ትብለጥን ከወንበሮቹ መሃል ዱካ ላይ አስቀመጣት። ሂሳብ ሲሰበስብ ግን ከሁለታችንም እኩል ጠየቀ፤ መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሃምሳ።

"ለዱካ የወንበር ዋጋ?"

"እማማ፣ ወንበሩም ዱካውም ሰቆጣ የሚደርሰው እኩል ነው።"

"እንግዲያው አንተ ዱካው ላይ ቁጭ በል፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ትጣራ።"

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ረዳቱ ሃምሳ ብር መለሰልኝና "እማማ፣ ምነው ዳኛ ባደረጉዎት" አለኝ። እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ሳይ ሄድኩ። ጉሙ ገና ከሸለቆው አልተነሳም ነበር። ተራሮቹ ራሳቸውን ብቻ አውጥተው፣ ውሃ ውስጥ እንደቆሙ በሬዎች ዝም ብለዋል። ገብሱ ቢጫ ሊሆን ጀምሯል። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ያለ መስታወት ያየዋል ብዬ አሰብኩ።

አራት ሰዓት፣ ሰቆጣ

ገበያው ደርቷል። የአበርገሌ ሰዎች ፍየሎቻቸውን ነድተው ገብተዋል፤ ማር ሻጮቹ ጥላ ይዘዋል፤ አማርኛውና ኽምጥኛው ተቀላቅሎ ይተማል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሐጂ እንድሪስ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ብስክሌቷ ከጎናቸው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቀለሟ አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ግን ግማሹ ዝገት ነው። ጎማዋ ወፍራም ነው፣ የተራራ የሚሏት ዓይነት ናት። ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ ብረት አላት።

በቅሎ እንደምመረምር መረመርኳት። ጎማዋን አነሳሁና አሽከረከርኩ፤ ኮርቻዋን ተጫንኩ። ትብለጥ ከክፍሏ ልጆች ብስክሌት መንዳት ተምራ ስለነበር ሜዳው ላይ ሁለት ጊዜ ዞረችና ላቧን እየጠረገች መጣች።

"ማርሿ ሦስቱ ብቻ ነው የሚሠራው። የፊት ፍሬን የላትም፤ የኋላው ግን ይይዛል። እምዬ፣ ግዢልኝ!"

ሐጂ ዘጠኝ ሺህ አሉ። እኔ ያየሁትን ጉድለት አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሰባት ሺህ ላይ ተስማማን። ትብለጥ ለመንገድ ዳቦ ልትገዛ ሄደች።

ገንዘቡን ከፍዬ ብስክሌቷን ስረከብ አንድ ነገር አየሁ። መሪዋ ላይ ቀይ የናይለን ገመድ ታስሯል፤ ጫፉ ወደ ኋላ ጎማዋ ይወርዳል። ከሁለቱም በኩል ፈታሁትና ለሐጂ ዘረጋሁላቸው።

"ይህ የእርስዎ ነው።"

"ኧረ አብሮ ይሂድ። ብስክሌት የሚያውቀው ልጄ ነው፤ ዛሬ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። እሱ ያሰረው ገመድ ነው።"

"ማንም ይሰረው! የሰው ገድ ይዤ አልገባም።"

ሐጂ ጢማቸውን እየነኩ ፈገግ አሉ። "ይህን ደንብ የሚያውቅ ሰው ዛሬም አለ? እኔ እኮ በሬ ካልሆነ አይቆጠርም ብዬ ነበር።" ገመዱን ተቀብለው በጥንቃቄ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱት። "አላህ ገዷን ይስጣችሁ።"

በኩራት ወጣሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ የመልስ መንገድ

ከከተማው የሚያስወጣውን ዳገት እየገፋን ወጣን። ሜዳው ላይ ስንደርስ ትብለጥ "ውጪ" አለችኝ፤ የዕቃ መጫኛው ላይ ነጠላዬን አጥፌ በጎን ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት ለቀቀ።

ይህን እንዴት ልጻፈው? ያን መንገድ ሙሽራ ሆኜ በበቅሎ፣ ኋላም ገበያ ስሄድ በእግሬ አውቀዋለሁ። ድንጋዩን በተረከዜ ነው የማውቀው። ያን ቀን ግን ድንጋዩ ዝም ብሎ ከሥሬ ያልፋል። ነፋሱ በእጅጌዬ ይገባል። በለሱ፣ የድንጋይ ቤቶቹ፣ የሰው ማሳ፣ ሁሉም ሰላምታ ሰጥቶኝ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎማው ሹሹሹ ይላል፤ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው። ዓይኔን ብጨፍን ዕድሜዬ ስንት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ደስ አለኝ። ፈጠነ። ይበልጥ ደስ አለኝ። ትብለጥ አንድ እጇን ከመሪው ሥር ሰደደች፤ የሆነ ነገር ፈለገች።

"እምዬ! ገመዱስ?"

"የቱ ገመድ?"

"ቀዩ!"

"ለሐጂ መለስኩላቸዋ!"

"ፍሬኑን መለስሽላቸው?!"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሽቦው የተበጠሰ ፍሬን ነበር፤ የሐጂ ልጅ በገመድ ቀጥሎታል። ሁለት ሽማግሌዎች ደንብ አክብረን ፍሬን ፈትተናል። ከፊታችን የፍየል መንጋ መንገድ ያቋርጣል። "ዞር በሉ!" ብዬ ጮህኩ፤ በኽምጥኛም ደገምኩት። ፍየሎቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ እረኛዋ ሴት "ማርያም ትያዛችሁ!" ስትል ሰማሁ። ታች ወንዙ ዳር ያለው አሸዋ ጎማውን ዋጠውና ሁለታችንም ለስላሳው ላይ ተጋደምን።

ትብለጥ መጀመሪያ ብስክሌቷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። መሪው ተጣሟል እንጂ የተሰበረ የለም። ጎማውን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ መሪውን አቃናችው። ከዚያ እንባዋ መጣ።

"የእኛ ቁልቁለት ከዚህ ይብሳል። ያለ ፍሬን አይወረድም። ስንገፋ ከሄድን ደግሞ ይመሻል። አለቀልኝ።"

አንድ ባዶ ኢሱዙ ከአጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ ጎልማሳ ነው። "እማማ፣ ወደ ላይ ነኝ። ብስክሌቷን ልጫንላችሁ፤ ገንዘብ አልፈልግም።"

ትብለጥ ዓይኔን አየችኝ። "ከመንደሩ በታች እንወርዳለን። አባባ በምን ያውቃል?"

ልቤ አልተፈተነም ብል እዋሻለሁ። ግን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ለወንድና ለሴት ሁለት ሚዛን ይዟል ብዬ ስከራከር፣ እኔ ለእሱና ለራሴ ሁለት ሚዛን ልይዝ ነው?

"እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ሂድ" አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን ዳቦውን በላን። አሸዋውን ከቀሚሴ ላራግፍ ስነሳ እጄ ወገቤ ላይ አረፈ፤ ሦስት ዙር የተጠመጠመ መቀነቴ።

"ገመዱ የት ነው የሚታሰረው?"

"ኧረ እምዬ፣ መቀነትሽን?"

"የት ነው አልኩሽ!"

አንዱን ጫፍ ከኋላ ጎማው ፍሬን ጋር አሰርነው፤ ሌላውን እኔ ጨበጥኩ። እሷ ትነዳለች፣ እኔ እይዛለሁ። የቀረውን ዳገት ገፋን፣ ሜዳውን ነዳን፣ በመጨረሻም የእኛ ቁልቁለት መጣ። ፀሐይዋ ወደ ዋግ ተራሮች ዘንበል ብላ ገብሱን ወርቅ አድርጋዋለች። "ያዢ!" ስትለኝ እስባለሁ፤ "ልቀቂ!" ስትለኝ እለቃለሁ። ቀሚሴ ያለ መቀነት እንደ ድንኳን ተነፍቷል። ጭልፊት ከእኛ በታች ስታንዣብብ አየሁ፤ ከእኛ በታች! መንገዱ እንዳያልቅ ተመኘሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ሞላ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየ፤ እስከ መሃላቸው ጭቃና አሸዋ ናቸው። ከዚያ ወገቤን አየ።

"እማዬ፣ መቀነትሽስ?"

"ፍሬን ሆኗል። ገመዱ የሻጩ ነው፤ ከቤቴ ደግሞ ገመድ የሰጠኝ የለም።"

ትብለጥ ኢሱዙውን ሳይቀር ሁሉንም ነገረችው። ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ገባ። ቃሉን ሊበላ ነው ብዬ ምላሴን ሳልኩ። ሲወጣ ግን በእጁ አዲስ ገመድ ነበረ፤ በደንብ ተጠቅልሏል።

"ጠዋት ጠቅልዬው ነበር" አለ፤ አላየኝም። "ደጃፍ ላይ ላስቀምጠው ስል ክፋቴ እምቢ አለኝ።"

ተንበርክኮ መቀነቴን ፈታ፣ አራግፎ ሰጠኝ። ገመዱን ከፍሬኑ እስከ መሪው አድርሶ አሰረው፤ ሁለት ጊዜ ስቦ ሞከረው። "ሰኞ ስትሄጂ ታች ያለውን ድንጋይ ተጠንቀቂ" አላት ልጁን።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ለብስክሌትም ቢሆን ገመድ ከቤት መያዝ እንደሚገባ ነው። ሌላው ደግሞ ሩቅ ነው የተባለ መንገድ ሁሉ ማን በምን እንደሄደበት ሳይጠየቅ ፍርድ እንደማይሰጥበት ነው።

መቀነቴን ስታጠቅ ሞላ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ቁልቁለቱ ላይ እንዴት ነው?"

"አልነግርህም" አልኩት። "ልጅህን ለምናት፤ ከኋላ ትጭንህ ይሆናል።"