ባለቤቱ የወሰደው ኮት

ባለፈው ኅዳር ቢቸና ለቅሶ ቤት ገብቼ ገና አረፍ ከማለቴ የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታው። የሞቱት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። ዘመድ አይደሉኝም፤ በልጅነቴ ሞጣ እኛ ቤት ተከራይቶ ይማር የነበረው የአበጀ እናት ናቸው። ሴት ልጃቸው የሺ፣ ድሮ የሞተውን ወንድሟን አበጀንም ከእናቷ ጋር አብራ ልታነሳ፣ ከሳጥን ግራጫ ኮት አውጥታ ዘረጋች። የመሀሏ ቁልፍ ብቻ ብራማ ናት። ያንን ኮት አውቀዋለሁ። ግማሽ ሞጣ ያውቀዋል።

ኮቱ የጋሽ እንድሪስ ነበር። ከቤታችን በግድግዳ የሚዋሰን ፎቶ ቤት ነበራቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም እንደዚያው። በሩ ሲከፈት የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት፣ የቫዝሊኑና የናፍታሊኑ ሽታ ተቀላቅሎ ይወጣል። ውስጥ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ፣ ከቆመች የቆየች የእጅ ሰዓት፣ ጥርሷ የረገፈ ማበጠሪያ፣ በመጨረሻም ያ ኮት።

የገበያ ቀን ወንዱ ተሰልፎ ኮቱን ይጠብቃል። ሰፊ ስለሆነ ጋሽ እንድሪስ ለቀጫጮቹ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይሰበስቡታል፤ ከፊት ሲያዩት ልክ የተሰፋ ይመስላል። ከወገብ በታች ቁምጣ ቢሆን ካሜራውን ምን አገባው! እኔን የሚገርመኝ ሰዎቹ ኮቱን ሲያጠልቁ የሚሆኑት ነበር። አሁን ሰልፉ ላይ እየተጋፋ ሲሳደብ የነበረው ሰውዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንገቱን ያቀናል፣ ድምፁ ሳይቀር ይወፍራል። ሲያወልቀው ወደ ስድቡ ይመለሳል። ፎቶው ደርሶ ሲሰጠው ግን «ይሄ የተዋስኩት ነው» የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለማ አለቀ፣ የራሱ ነው።

አበጀም በዚያ ኮት ፎቶ ተነሳ። ሁለት ሸሚዝ ነበረው፤ ሁለቱንም እናቴ ታውቃቸዋለች። ለፋሲካ አገሩ ሲሄድ ፎቶውን ለእናቱ ሰጥቶ «ኮት ገዛሁ» ብሏቸው ኖሯል። ይህን የሰማነው ኋላ ነው። በዚያው ክረምት ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም።

እትዬ ጥሩዬ አርባው ሳይደርስ ዕቃውን ሊወስዱ ከወንድማቸው ጋር መጡ። በአርባው የሟች ልብስ ወጥቶ፣ ፎቶው ተይዞ ይለቀስበታል። ሸሚዞቹ፣ ብርድ ልብሱና ላስቲክ ጫማው ወጡ። እሳቸው ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩና ፎቶውን ከጉያቸው አወጡ።

«ኮቱስ?»

እናቴ ምን ትበል? እውነቱን ብትናገር ልጁ በሞተ በወሩ ውሸታም ሊሆን ነው። ዝም ብትል እኛ የሟች ልብስ የደበቅን ሌቦች ነን። ወንድምየው ሌብነቱን መረጡልን።

«አንቺ ሴት፣ የሬሳ ልብስ ምን ይሠራልሻል?» ብለው ጮኹባት። ጎረቤት በየበሩ ብቅ ብቅ አለ። እናቴ እንደዚያ ቀን ስታፍር አይቻት አላውቅም።

ጋሽ እንድሪስ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ፎቶውን ተቀብለው ትንሽ አዩት፤ የገዛ ሥራቸው ነው እንግዲህ። ወጡና ኮቱን በክንዳቸው ይዘው ተመለሱ።

«እኔ ዘንድ ነው ያለው፣ እትዬ። ላሳጥብልህ ብዬ ተቀብዬው ነበር። አላህ ያጽናዎት።»

እትዬ ጥሩዬ ፊታቸውን ኮቱ ውስጥ ደፍተው አለቀሱ። ከጀርባው አንዲት የእንጨት መቆንጠጫ ሳትነሳ ቀርታ ኖሯል። ጋሽ እንድሪስ አይተዋት እጃቸውን ሰደዱ፤ ግን ሴትዮዋ አጥብቀው ስላቀፉት ተዉት።

«ከገመድ ሲወርድ ተረስታ ነው» አሉ።

በቀጣዩ ገበያ ደንበኞቹ ሁሉ «ኮቱስ?» አሉ። ጋሽ እንድሪስ «ባለቤቱ ወሰደው» ብለው መለሱ። ሌላም አልገዙ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሰው በገዛ ጋቢው መነሳት አፍሮ መናኸሪያው አጠገብ ወደተከፈተው አዲሱ ፎቶ ቤት ነጎደ። እዚያ ክራባትም አለ። ጋሽ እንድሪስ ኋላ ፎቶ ቤቱን ዘግተው ጨርቅ ሲቸረችሩ ኖረው ሞቱ።

ለቅሶው ጋብ ሲል የሺ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እናቷ ስለ ኮቱ ያወሩ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አንዴ ደብረ ወርቅ ሰርግ ተጠርታ ሌላ ሰው ለብሶት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ አየችው» አለችኝ። «በቁልፉ ለየችው። ግንደወይንም ሌላ ሰው ላይ አየችው። ከዚያማ በየሄደችበት ቤት ግድግዳ ስታይ ኖረች።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

የሺ ኮቱን ልታጥፈው ገለበጠችው። መቆንጠጫዋ ሽቦዋ ዝጎ አሁንም ጀርባው ላይ ነች።

«‹ልጄ ደግ ነበር፤ ላገሩ ሁሉ ያውስ ነበር› አለች።»