ጋቢ የደረበው ዓሣ

ዓሣ መንከባከብ መንፈስ ያረጋጋል ያለኝ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ የደባርቅን ብርድ አያውቀውም። እዚያ ሳስተምር ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ቤታ የሚባል ቀይ ዓሣ በማር ጠርሙስ ሰጠኝ። «ሙቀት ይወዳል። እንዳይደብተው ደግሞ አልፎ አልፎ መስታወት አሳየው፤ ባላጋራ ያየ መስሎት ይፎክራል» ብሎኝ ሄደ።

እኔም ታዛዥ ነኝ። ያለችኝን አንድ ጋቢ ለጠርሙሱ ደርቤ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት እደቅንለታለሁ። እሱ ጉንጩን ነፍቶ ሲፎክር፣ እኔ «በለው! አንተ ጀግና!» እላለሁ። አከራዬ እማማ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመው ያማትባሉ።

አንድ ጠዋት የነፍስ አባታቸውን ጠበል በጆግ አስይዘው ገቡ።

«ይኸው አባ፣ ይዩት።»

ዘልዬ ጠርሙሱን አቀፍኩት። «አባቴ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! ቀዝቃዛ ውኃ ይገድለዋል። ፉከራው ተፈጥሮው ነው እንጂ ጋኔን የለበትም!»

አባ ጋቢ የደረበውን ዓሣ አዩ፤ ከንፈሬ የጠቆረውን እኔንም አዩ።

«ስለ ዓሣው ማን አነሣ፣ ልጄ?» አሉና፣ በስመ አብ ብለው ጆጉን ሙሉ አናቴ ላይ ቸለሱት።