ሙሉ ስም ከነአያት

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሽሮውን ነው። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ካለ አንድ ሆቴል ማዕድ ቤት የምትሠራው እትዬ አልማዝ ከምሳ የተረፈውን፣ እኛ ቡሌ የምንለውን፣ በፌስታል አድርጋ ለእኔና ለጓደኛዬ ለበራሶ ትሰጠን ነበር። አንድ ቀን ሽሮው መድኃኒት መድኃኒት ሸተተኝ። በራሶ ግን በላ፤ ጣቱንም ላሰ። ምንም ሳይሆን ሲቀር እሱንም አብሬ ጠረጠርኩ።

ይህን የምጽፈው በረንዳ ላይ እያላችሁ እንዲህ ለሚጀምራችሁ ልጆች ነው። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ከጨለለቅቱ መጥቼ፣ ቀን ባጃጅ እያጠብኩ በረንዳ አድር ነበር። የበረንዳ የመጀመሪያ ትምህርት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው። አንድ ጊዜ ደብተር የያዙ ሰዎች «ሥራ እናስገባችኋለን» ብለው ስማችንን ከነአያታችን መዘገቡ። በሳምንቱ፣ በዓል ሲቃረብ፣ አፈሳ መጣ። አይሱዙ ላይ የጫኑን ያንኑ ዝርዝር እየጠሩ ነው። ወስደው ከከተማ ውጪ አራገፉን። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። መቼ ልክ እንዳለፈ ነው ያላወቅኩት።

ከሽሮው በኋላ እንቅልፍ ጠፋ። ከዚያ ድምፅ መጣ። ባለ ደብተሩ ሰውዬ ነው። ስሜን ከነአያቴ ያነባል። በጠራራ ፀሐይ ያነባል። ጆሮዬን ብደፍንም ያነባል። ምግብ ተውኩ። ውሃም ተውኩ። በራሶን በድንጋይ ፈነከትኩት። እሱ ግን ጥሎኝ አልሄደም።

ጭንቅላቱን በጨርቅ አስሮ ወደ ሕክምና ወሰደኝ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የቀበሌ መታወቂያ ጠየቁን። የለንም። ተመለስን። በማግስቱ በራሶ እትዬ አልማዝን ይዞ መጣ፤ መረዘችኝ ያልኳትን ሴትዮ። ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። «የእህቴ ልጅ ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። ጸሐፊው ስሜን ሲጠይቃት ዞራ አየችኝ። ማሙሽ ከማለት በቀር ስሜን አታውቅም። «ተሾመ» አልኩ። የአንድ ባጃጅ ሹፌር ስም ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ ሕመሙ ሳይኮሲስ የሚባል፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም እንደሆነ ነግሮኝ ሃሎፔሪዶል የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን አንገቴ ወደ ግራ ተጣሞ ቀረ። በቃ፣ መርዝ ነው አልኩ። መልሶ የወሰደኝ በራሶ ነው። «ዲስቶኒያ ነው» አሉን፤ መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው። በመርፌ ለቀቀኝ። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሲስተር ብርሃኔ መድኃኒቱን ቀየረችልኝና፣ የተሾመ ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሃሎፔሪዶል እንዳይሰጠው» ብላ ጻፈች። እኔ ያየሁት ቀዩን ብቻ ነው። በቀይ የሚጻፍበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው ማን ያውቃል? አልተመለስኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ድምፁ ብሶበት መጣ። ያን ቀን ሲስተር ብርሃኔ ሥልጠና ሄዳ ሌላ ሰው ነበር የተቀበለኝ። ተሾመ በቀይ ተጽፎበታልና «ሙሉጌታ» አልኩ፤ ስጮኽ አይተው መታወቂያም ዋስም አልጠየቁኝም። የሙሉጌታ ካርድ ንጹሕ ነበር። ሃሎፔሪዶሉን በመርፌ ሰጡኝ። መንጋጋዬ ተቆለፈ። ምላሴ ወጥቶ ቀረ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ትንፋሼ ታፈነ። «ሞትኩ» ልል ፈልጌ ቃሉ አልወጣም።

በሌላ መርፌ መለሱኝ። አስተኙኝ። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ብርሃኔ ከሥልጠናዋ ተመልሳ ሁለት ካርድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ተሾመ አንገቱ ተጣሞ ነበር። ሙሉጌታ ደግሞ መንጋጋው ተቆልፎበታል» አለች። «ሁለቱም ግን ግራ ቅንድባቸው ላይ አንድ ዓይነት ጠባሳ አላቸው። ማንን ነው የማክመው?»

«ስሜን ብነግርዎት ለማን ይሰጡታል?» አልኳት።

«ለማንም» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንደሱ ብትል ኖሮ ውሸታም ናት ብዬ እወጣ ነበር። እሷ ግን ካርድ ክፍል ወስዳ መደርደሪያውን አሳየችኝ። «ሲዘጋ ይቆለፋል። ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም። እኔ አልሰጥም፤ ከእኔ በላይ ያለ ሰው ቢጠይቅ ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም» አለችኝ።

ከባለ ደብተሮች ሁሉ «አላውቅም» ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ነገርኳት። የአባቴን ስም ከቀብሩ ወዲህ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ሁለቱን ካርዶች አንድ ላይ ሰፍታ፣ እውነተኛ ስሜንና ቀዩን ማስጠንቀቂያ በትንሿ የቀጠሮ ካርዴ ላይም ጻፈችልኝ። «መጠርጠርህ ሁሉ በሽታ አይደለም» አለች። «የትኛው በሽታ እንደሆነ አብረን እንለየዋለን።»

ሪስፐሪዶን የሚባለውን ኪኒን ስጀምር ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋኝ ነበር፤ እትዬ አልማዝ ግን ሽሮውን ስታመጣ በየቀኑ ከፊቴ አንድ ጉርሻ ራሷ እየበላች፣ «ይኸው አልሞትኩም፣ ብላ» እያለች አስለመደችኝ። ድምፁ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ መጀመሪያ የአያቴን ስም መጥራት ተወ፣ ቀጥሎ የአባቴን፣ በመጨረሻ የራሴን ስም እንደ ሩቅ ጥሪ አልፎ አልፎ ብቻ እሰማው ጀመር።

ከዚያ በዓል መጣ፣ ከበዓሉ በፊት አፈሳው። ጠዋት ጫኑኝ። ኪኒኑ በረንዳው ላይ ቀረ። «ሸጠችኝ!» አልኩ፤ እስከ ወናጎ ሲስተርን ስሰድብ ሄድኩ። ዝርዝር የያዘ ሰው እንዳልነበረ፣ ካርቶን ላይ ተኝቶ የተገኘውን ሁሉ እንደጫኑ ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ከወናጎ አልፈው አራገፉን። በአራተኛው ቀን ሰውዬው እንደገና ማንበብ ጀመረ።

እየተርበተበትኩ ወናጎ ሕክምና ገባሁ። የተቀበለኝ ወጣት ባለሙያ እኔን ሲያይ መርፌ አዘጋጀ። ሃሎፔሪዶል ነበር። ከካልሲዬ ውስጥ የቀጠሮ ካርዴን አውጥቼ ሰጠሁት። ቀዩን አነበበ። መርፌውን አስቀመጠና ዲላ ደወለ። «ማቴዎስ ጅግሶ ዋቆ የሚባል ልጅ…» ሲል የሲስተር ድምፅ ከስልኩ እኔ ድረስ ተሰማ።

«አዎ፣ የእኛ ነው። አሁኑኑ ላክልኝ።»

አለቀስኩ። ስሜ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ለመሸሽ ያላሰብኩት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ላቫጆ እሠራለሁ፤ ከበራሶ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል። ግንባሩ ላይ የእኔ ድንጋይ ጠባሳ አለ። ይቅርታ ስጠይቀው «ተወው፣ አንተ አይደለህም፣ በሽታው ነው የመታኝ» ይለኛል። እሱንም፣ እትዬ አልማዝንም፣ ሲስተር ብርሃኔንም አመሰግናለሁ። የሰደብኳት መሆኑን ነግሬያታለሁ፤ «ካርድህ ላይ ልጻፈው?» ብላ ሳቀች።

እናንተ ግን ሁሉን እመኑ አልላችሁም። ጠይቁ። ስማችሁ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው ጠይቁ። መታወቂያ ከሌላችሁ ዋስ የሚሆን ሰው ፈልጉ። ኪኒኑ ካጣመማችሁ አትሰወሩ፤ ተመልሳችሁ አሳዩ። የቀጠሮ ካርዱን ከኪኒኑ ለይታችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያዙት።

እኔ አሁንም ባለ ደብተር ሰው ሳይ እግሬ ለመሮጥ ይዘጋጃል። ግን በቀጠሮዬ ቀን ጸሐፊው «ሙሉ ስም ከነአያት» ሲለኝ፣ መስኮቱ ፊት ቆሜ እነግረዋለሁ።