ቤንዚን ስትሄድ

ልጅ ሳለሁ፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የግቢያችን ልጆች አያ ሞላ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አያ ሞላ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ የተከራዩ፣ ዕድሜያቸውን በደባርቅ መንገድ የነዳጅ ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያቀላው የሦስት እኅትማማቾችን ተረት ይነግሩናል። ናፍጣ ሰነፍ ናት፤ ክብሪት ቢጥሉባት እንኳ ቶሎ አትነሣም። ላምባ ክር ካልሰጧት አትሠራም። ትንሿ ቤንዚን ግን ቤት አትቀመጥም።

«የሚነደው ፈሳሹ እንዳይመስላችሁ፤ ትንፋሿ ነው» ይሉ ነበር። «ከአየር ይከብዳል። ሳይታይ መሬት ለመሬት ይሄድና እሳት ሲያገኝ ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

ያኔ ሌሎቹ ሲስቁ እኔ እግሬን ሰብስቤ እቀመጥ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ቤንዚን ከማደያ ጠፋ። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ታከለ ከየትም ፈልጎ በጀሪካን ማምጣት ጀመረ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ ዝናብ ስለነበር በሩን ዘግቶ፣ በስልኩ መብራት ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲቀዳ ወለሉ ላይ ፈሰሰበት። ሽታው ሰነፈጠኝ። እናቴ ከጓዳ ተጣራች፤ «ምነው ተገትረሽ ቀረሽ? ክብሪቱን አቀብይኝ እንጂ፣ ሻማ ላብራ!»

ለታከለ በቀስታ፣ «አያ ሞላ ቤንዚን ትሄዳለች ብለዋል» አልሁት።

«በእግሯ ነው በባጃጅ?» ብሎ ሳቀ። «እማዬ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ሂጂ ስጫት፣ ፈሪ!»

አፈርሁ። ወስጄ ሰጠኋት።

ክብሪቱን ስትጭር እሳቱ ከእግሯ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ተነሣና፣ ወለሉን ይዞ፣ ታከለ ወዳለበት ወደ በሩ ሮጠ። እናቴ እግሯ እየተቃጠለ እኔን በጓዳው የኋላ በር ጎትታ አወጣችኝ። ታከለ ሆስፒታል አምስት ቀን ቆይቶ አረፈ።

በለቅሶው አያ ሞላ ከድንኳኑ ጀርባ ብቻዬን አገኙኝ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ። «በቁም ነገር መንገር ሲገባኝ ተረት አደረግሁት። እውነት መሆኑን አላወቅሽም፣ አይደል?»

«አላወቅሁም» አልኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ተረት ነግረውን አያውቁም። ልጆች ሲመጡባቸው «ደክሞኛል» ብለው ይመልሷቸዋል። ዘንድሮ መምህራችን ስለ ነዳጅ ትነት ሲያስረዱን፣ አያ ሞላ አንድም ነገር እንዳልተሳሳቱ አወቅሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም ልላቸው ስንት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጃለሁ። ውስጥ ሲያስሉ እየሰማሁ እቆማለሁ። ያኔ አምኜዎት ነበር ካልኋቸው ግን፣ ታዲያ ክብሪቱን ለምን ሰጠሻት ይሉኛል።