ከጅዳ የመጣው ቴፕ

ልጆቼ አዲስ የስልክ ቻርጀር ገዝተው ሲመጡ መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን ሳላነብ ሶኬት ላይ አላሰካም። ከመቶ እስከ ሁለት መቶ አርባ ቮልት ይላል፣ የትም አገር ይሠራል፣ እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ይስቁብኛል። እኔ ግን ያቺን ደቃቃ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ደብረ ታቦር እትዬ ዘሃራ ቤት ነኝ፤ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ቤቱ አዲስ አቡጀዲ አቡጀዲ ይሸታል።

እትዬ ዘሃራ ከገበያው በታች ጨርቅ የሚሸጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ ጅዳ ለሰው ቤት ሥራ ለሄደችው ልጃቸው ለሰዓዳ ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ፤ አምስተኛ ክፍል ገብቼ ባትሪና አምፖል ማገናኘት ከተማርኩ ወዲህ ደግሞ በሰፈሩ የመብራት አዋቂነት ራሴን ሾሜ ነበር። ሰዓዳ በሄደች በሁለተኛው ዓመት በመንገደኛ እጅ ቴፕ ላከች፤ ውስጡ በራሷ ድምፅ የሞላችው ካሴት ነበረበት። እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቁጭ አሉ።

የቴፑ ስፒና ጥርሱ ጠፍጣፋ፣ የእኛ ሶኬት ቀዳዳው ክብ ሆነ።

«አባትሽ እስቲመጣ ብንቆይስ፣ የኔ ዓለም?» አሉኝ።

እኔ ግን የምሰማ ልጅ አልነበርኩም። ጠፍጣፋውን ራስ በቢላ ቆርጬ ክብ ጥርስ ያለው አሰርኩለት፣ ልክክ ብሎ ገባ፣ ከገባማ ይሠራል አልኩ። ጀርባው ላይ መቶ አሥር ቮልት የሚል ነበር፤ ግድግዳችን የሚሰጠው ሁለት መቶ ሃያ ነው። ቁጥሩን አይቼዋለሁ፣ የፋብሪካ ምልክት መስሎኝ አለፍኩት።

«እማ» አለች ሰዓዳ።

ወዲያው ቴፑ አጉረመረመና ጭስ ተፋ። ሶኬቱን ነቅዬ ካሴቱን ላተርፍ ስመነጭቀው፣ ከቀለጠው ፕላስቲክ ጋር የተጣበቀው ክር ብጥስጥሱ ወጣ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ዘሃራ አልተቆጡኝም። በማግሥቱ ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ «ድምፅሽን ሰምቼ ሆዴ ቅቤ ጠጣ በይልኝ» አሉ። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አንስቼ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ምነው? እማ ስትለኝ አልሰማሁም?» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው።

ስለ ቃጠሎው አንድም ቃል ስላልተጻፈ፣ ሰዓዳ ቴፑ ይሠራል ብላ ኖረች። ስልክ ሰፈራችን ሳይደርስ፣ እሷም ሳትመለስ እናቷ አረፉ። የሰሟት ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው፣ ይህም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ሰዓዳን ደብረ ታቦር አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። ቢያንስ እኔ ልስማው ብዬ፣ ካሴቱ ላይ ምን ብላ እንደነበር ጠየቅኳት።

«ሁለቱንም ገጽ ሞልቼው ነበር» አለች። «ምን እንዳልኩ ግን አንዱንም አላስታውሰውም።»